አያ ጅቦ የያዘው ደሴት

አንድ ጊዜ በአንድ ሐይቅ ግራና ቀኝ የሚኖሩ ጅቦችና አንበሶች ጦርነት ገጠሙ። በሐይቁ መካከል ዛፍ እንኳ የማይበቅልባት ድንጋያማ ደሴት ነበረች፤ ይብራ ከሚባሉት የውኃ ወፎች በቀር የሚረግጣት አልነበረም። ይብራዎቹ ተራ ገብተው በአራቱም ማዕዘን ውኃውን ይጠብቃሉ። አንዷ አይታ ስትጮህ ሌሎቹ ይቀበሏታል፤ ጩኸቱም በሁለቱም ዳርቻ ይሰማል። ስለዚህ አንዱ ወገን ሌላውን በድንገት ሊደርስበት አልቻለም።

አንዲት ይብራ ስድስት እንቁላል ታቅፋ ነበር። ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም፤ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ አንገቷን ታሰግጋለች። ጫጩቶቿ ሊፈለፈሉ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ቀበሮ በግንድ ላይ ተቀምጦ እየቀዘፈ መጣ።

«እመት ይብራ፣ እንደምን ከረሙ?»

«በሰቀቀን። አንተን ደግሞ ምን እግር ጣለህ?»

«አያ ጅቦ ልኮኝ ነው። እኛ ስንሻገር ዝም በሉ፣ አንበሶች ሲሻገሩ ጩኹ ብሏል።»

«አንበሶቹ ይህን ቢሰሙ እንቁላሎቼን ማን ያተርፍልኛል? እኛ ላየነው ሁሉ ነው የምንጮኸው።»

«እንግዲያው እሱ ራሱ ይመጣል» አለና ግንዱን አዞረ።

በማግሥቱ ጅቦች እየተንቦጫረቁ መጡ። ይብራዎቹ ቢጮኹም አንበሶቹ ሩቅ ነበሩና ደሴቲቱ ተያዘች።

«ሐይቁ የእኔ ሆነ!» አለ አያ ጅቦ። ወዲያው ሆዱ በረሃብ ጮኸ። «የሚበላ የለም እንዴ?»

«ወፎቹን እንዳትነካ ጌታዬ፤ ዓይንህ እነሱ ናቸው» አለ ቀበሮ።

«አንዷን ብቀምስ ምን ይጎድላል?»

ሦስት ቀመሰ። የቀሩት በርረው ጠፉ። እናቲቱ ብቻ እንቁላሎቿ ላይ ተጣብቃ ቀረች። አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ ቀረባት።

«እኔንም ከበላህ ማን ይጮኽልሃል?» አለችው።

አያ ጅቦ ራሱን አከከ። «እውነትሽን ነው። በይ ጠብቂ!»

«በአንድ አንገት አራት ማዕዘን?»

«አዙሪዋ!»

በሦስተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ጅቦቹ ያንኮራፋሉ። ይብራ በውኃው ላይ የአንበሶችን ራስ አየች። ልትጮኽ ምንቃሯን ከፈተች። የተበሉት ጓደኞቿ ላባ አሁንም ድንጋዩ ላይ ይርገበገባል። ከሥሯ ቅርፊት ሲሰነጠቅ ተሰማት። ምንቃሯን መልሳ ዘጋች።

አንበሶቹ በተኙበት ሲደርሱባቸው ጅቦቹ እያላዘኑ ወደ ውኃው ተበተኑ። አያ አንበሶ ድንጋዩ ጫፍ ላይ ወጥቶ ሁለቱን ዳርቻ ቃኘ፤ ቀበሮም ከጎኑ ቆሞ «እንዴት ያለ ቦታ ነው ጌታዬ!» ይለዋል። ይብራ ግን ስድስት ጫጩቶቿን አስከትላ ወደ ውኃው ትወርድ ነበር።

«አንቺ፣ ወዴት ነው? ማን ሊጮኽልን ነው?» አላት አንበሳው።

«እናንተው ጩኹ!» አለች፣ ዘወር ሳትል እየቀዘፈች።

ከዚህ የምንማረው፣ ለቦታው ዋጋ የሰጡትን ነዋሪዎች አጥፍቶ ወይም አስመርሮ ቦታውን የያዘ፣ የጨበጠው ባዶ ድንጋይ መሆኑን ነው።