የዓመቱ ታታሪ ሠራተኛ

አቶ ሽባባው የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ጠዋት ይገቡና ኮታቸውን ወንበራቸው ላይ ሰቅለው ውልቅ ይላሉ፤ ባለጉዳይ በሩን ገፋ አድርጎ ኮቱን ሲያይ «አሉማ!» ብሎ ሲጠብቅ ይውላል።

አንድ ቀን ታታሪ ሠራተኛ የሚመርጡ እንግዶች ከበላይ መሥሪያ ቤት መጡ። ለሽልማቱ የቋመጡት አቶ ሽባባው ቢሯቸውን የምታጸዳውን ምላሰኛ ሴት ለብቻዋ ጠርተው «ስሜን ካልጠራሽ መጥረጊያሽን ታስረክቢያለሽ!» አሏት።

ሠራተኛው ሁሉ ሲሰበሰብ ደረታቸውን ነፍተው «እስቲ አንቺ መስክሪ፤ ሥራውን የሚወድ፣ ከቦታው ንቅንቅ የማይል ማነው?» ብለው ጠየቋት።

ሴትዮዋ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፍና ተነሣች።

«ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። ጠዋት ስጠርግ አለ፣ ከሰዓት ስወለውልም አለ። ሻይ አይል፣ ምሳ አይል፣ ባለጉዳይ አያመናጭቅ።»

የአቶ ሽባባው ፊት በራ። «ታዲያ ስሙን ጥሪላቸዋ!»

«የአቶ ሽባባው ኮት ነዋ! ይኸው ስምዎን ጠራሁ ጌታዬ፤ እንግዲህ መጥረጊያዬን እንዳይነኩብኝ።»