ቡቃያ የሌለው ደን

አንድ ሽማግሌ በቀይ ባሕር ዳርቻ ይኖር ነበር። ከመንደሩ ፊት ለፊት በጨው ውኃ ውስጥ የሚበቅል የማንግሮቭ ደን አለ። ማዕበል መጀመሪያ የሚመታው ዛፎቹን ነው፤ መንደሩ ጋ ሲደርስ ጉልበቱ አልቋል። ሽማግሌው ይህን ስለሚያውቅ ዕድሜውን ሙሉ ደኑን ጠበቀ። መጥረቢያ ይዞ የመጣውን ሁሉ መለሰ። የገዛ ወንድሙን እንኳ ለጀልባው ምሰሶ እንዳይቆርጥ ከልክሎት ተኳርፈዋል።

አንድም ዛፍ አልተቆረጠም። አንድም!

ልጁ መይረም ከደኑ ጀርባ ቤት ሠርታ ትኖር ነበር። አንድ ዓመት ማዕበሉ ደኑን አልፎ ቤቷ ገባ።

«አባ፣ ልንሄድ ነው» አለችው። «ልጆቼን ይዤ እዚህ አላድርም።»

«ደኑ እያለ? ለማን ብዬ ነው የጠበቅኩት?»

«ና እስቲ፣ አብረን እንየው።»

ውኃው ሲሸሽ ጭቃው ውስጥ ገቡ። ሽማግሌው እንደ ልማዱ ቀና ብሎ አየ። ቅጠሉ ሙሉ ነው። «ምን ጎደለው?» አላት።

«ወደ ላይ አትይ፣ አባ። ወደ ታች እይ።»

ጎንበስ አለ። ትልልቅ ግንዶች ቆመዋል። አንዳንዱ አርጅቶ ወድቋል፤ ዛፍም ያረጃል። በወደቀው ቦታ ግን ምንም የለም። እንደ ጣት የቀጠነ የለም። ወገብ የሚደርስ የለም። ሥሩን እንደ እግር ዘርግቶ ከሁሉም ፊት የሚቆመው የዛፍ ዓይነትማ ጭራሽ ጠፍቷል። ማዕበሉ የገባው በዚያ በኩል ነው።

«ማነው የጨረሰብኝ?» ብሎ ጮኸ።

የራሱ ፍየሎች እንደ ሁልጊዜው ተከትለውት ገብተው ነበር። አንዷ ፍየል ሁለት ቅጠል ያወጣ ቡቃያ ከጭቃው ነጭታ አኘከች።

«ይኸውልህ» አለች መይረም። «አንተ ሌባ ስትጠብቅ፣ እነሱ ከውስጥ ቁርሳቸውን ይበሉ ነበር።»

«ፍየል... መጥረቢያ የላት...» አለ።

በዚያው ሳምንት ፍየሎቹን ሸጠ። ቡቃያ ግን በሳምንት ዛፍ አይሆንም። መይረም ዕቃዋን ጫነች፤ ልጆቿን ይዛ ሄደች። ሽማግሌው ቆሞ አያቸው፤ «ቅሩ» ሊላቸው አልቻለም።

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው ክፉ ነበር? አልነበረም። ሰነፍ ነበር? አልነበረም። ይወድ ነበር፤ ይጠብቅም ነበር። የሚጠብቀው ግን ከውጭ የሚመጣውን ብቻ ነው።

እኛስ? «በቤቴ ስካር የለም፤ ጠብ የለም፤ ትዳሬን ማንም አልደፈረውም» እንላለን። እውነት ነው። ነገር ግን እናንተ አባቶች፣ እናንተ እናቶች፣ ልጃችሁ የልቡን የነገራችሁ መቼ ነው? ሊነግራችሁ አፉን ሲከፍት ያቋረጠው ምን ነበር? ሌባ ነው? ጠላት ነው? ሥራችሁ ነው። ስልካችሁ ነው። በገዛ እጃችሁ የምትቀልቡት፣ የምትወዱት ነገር ነው። ጮኾ የወደቀ ነገር ስለሌለ ቤቱ ደህና መሰላችሁ።

ዛሬ ቤት ስትገቡ ማን ዝም እንዳለ ተመልከቱ። አጠገቡ ተቀመጡ። ቀድማችሁም አትናገሩ።