በፈርዖን የቀናው ግንበኛ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ሰው በጎረቤቱ ይቀናል፤ ይሄ ያለ ነው። እኔ የማወራችሁ ግን ሞቶ ከተቀበረ ስንትና ስንት ሺህ ዓመት በሆነው ንጉሥ ስለቀና ግንበኛ ነው።

ግንበኛው አይሸሽም ይባላል። በዚያ አገር እንደሱ ድንጋይ የሚያውቅ አልነበረም። ድንጋዩን በመዶሻ ቀስ አድርጎ ይመታና ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል። ደህና ከጮኸ ይገነባዋል፤ ካልጮኸ ይጥለዋል። ሚስቱ ትርንጎ ኢየሩሳሌምን ልትሳለም ሄዳ፣ በግብፅ በኩል ዞራ፣ በአርባ ቀኗ ተመለሰች። ጎረቤቱም እንደ ወጉ ስሟን ትቶ «ኢየሩሳሌም፣ ኢየሩሳሌም» እያለ ሊጠይቃት ቤቱን ሞላው። እሷ ግን ስለ ጎልጎታ ጥቂት ካወራች በኋላ ወደ ፒራሚዱ ዞረች።

«ተራራ ነው እንጂ ግንብ አይምሰላችሁ! ሲሚንቶ የለው፣ ፌሮ የለው፣ ያለ ክሬን የተሠራ! በድንጋይና በድንጋይ መሃል ምላጭ አይገባም። አስጎብኚው ‹የዛሬ ግንበኛ ሁሉ ተሰብስቦ ቢመጣ አይሠራውም› ብሎናል።»

አይሸሽም ጥርሱን ነከሰ። እሱ ስንት ቤት ሲያቆም አንድ ቀን እሰይ ያላለች ሚስት በሰው ግንብ አፏን ትክፈት? ፒራሚዱን ባሠራው በፈርዖን ቀና። እህልም እንቅልፍም እምቢ አለው። የሚፈልገው አንዲት ነገር ብቻ ሆነ፤ ትርንጎ «አንተም ትሠራዋለህ» እንድትለው።

ጓሮ ገብቶ የጎመኑን መደብ ነቀለና ፒራሚድ ጀመረ። ለማንም ሳይናገር፣ ማንንም ሳይጠራ፣ ብቻውን ደርድሮ ደርድሮ ከአጥሩ በላይ አደረሰው። የቀረው የጫፉ ድንጋይ ነው። ትልቅ ነው፣ ለአንድ ሰው አይሞከርም።

«ውጣ» አለው ድንጋዩን።

«አልወጣም!» አለ ድንጋዩ። «በግብፅ ድንጋይ ሥር የዓለም ሰው ፎቶ ይነሳል፤ እኔ ላይ ዶሮ ይሰፍራል። ቀንቻለሁ፤ አልወጣም!»

አይሸሽም ከሚሠራበት ሕንፃ ወደተዋሰው ትንሽ ክሬን ሄደ። «ክሬን ሆይ፣ ድንጋዩን አንሳልኝ። ድንጋዩ አልወጣም አለ፤ ድንጋዩ ካልወጣ ትርንጎ ‹አንተም ትሠራዋለህ› አትለኝም።»

«አላነሳም!» አለ ክሬኑ። «ሚስትህ ‹ያለ ክሬን የተሠራ› ስትል አልሰማህም? ሰዎቹ የተደነቁት እኔ ስላልነበርኩ ነው። በፈርዖን ሠራተኞች ቀንቻለሁ፤ አላነሳም!»

አይሸሽም ወደ ገመዱ ሄደ። ገመዱ ከመጋዘኑ ጥግ ተጠቅልሎ አቧራ ይቅማል። «ገመድ ሆይ፣ ክሬኑን ሳብልኝ። ክሬኑ ድንጋዩን አላነሳም አለ፤ ድንጋዩ አልወጣም አለ፤ ድንጋዩ ካልወጣ ትርንጎ ‹አንተም ትሠራዋለህ› አትለኝም።»

«አልስብም!» አለ ገመዱ። «ክሬን መጣ ብለህ ከአይጥ ጋር ያኖርከኝ አንተ አይደለህም? ዛሬ ክሬንህ ሲያኮርፍ ገመድ ትዝ አለህ! በክሬኑ ቀንቻለሁ፤ አልስብም!»

አይሸሽም ወደ በሬው ሄደ። «በሬ ሆይ፣ ገመዱን ጎትትልኝ። ገመዱ ክሬኑን አልስብም አለ፤ ክሬኑ ድንጋዩን አላነሳም አለ፤ ድንጋዩ አልወጣም አለ፤ ድንጋዩ ካልወጣ ትርንጎ ‹አንተም ትሠራዋለህ› አትለኝም።»

በሬው የያዘውን ሣር አኝኮ ሳይጨርስ አልመለሰለትም። «አልጎትትም» አለ በመጨረሻ። «ሚስትህ እዚያ አንድ የድንጋይ አንበሳ አለ ብላለች፤ ፊቱ የሰው፣ ገላው የአንበሳ፣ ሥራው መተኛት። እኔ ፊቴም ገላዬም የበሬ ሆኖ፣ ክረምት ከበጋ አርሼ፣ ማን ዞር ብሎ አየኝ? ቀንቻለሁ፤ አልጎትትም።»

አይሸሽም ወደ ደቦው አለቃ ወደ አያ ድረስ ሄደ። «አያ ድረስ፣ ደቦውን ሰብስበው በሬውን ይንዱልኝ። በሬው ገመዱን አልጎትትም አለ፤ ገመዱ ክሬኑን አልስብም አለ፤ ክሬኑ ድንጋዩን አላነሳም አለ፤ ድንጋዩ አልወጣም አለ፤ ድንጋዩ ካልወጣ ትርንጎ ‹አንተም ትሠራዋለህ› አትለኝም።»

አያ ድረስ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። «አንነዳም! መሠረቱን ስትጥል ጠራኸን? ፈርዖን እንኳ ብቻውን አልሠራም። አንተ ግን ምስጋናውን የሚካፈልህ እንዳይኖር ብቻህን ገነባህ፤ እኛም በአጥር እያጮለቅን አይተን ቀናን። ደግሞ በዚህ መንደር ደቦ የምትጠራው የቤቱ እመቤት ናት። ኢየሩሳሌም ቆማ ካልጠራችን ንቅንቅ አንልም።»

አይሸሽም እያለከለከ ቤቱ ገባ። ትርንጎ ምስር ትለቅማለች።

«ትርንጎዬ፣ ደቦውን ጥሪልኝ! ደቦው በሬውን አልነዳም አለ፤ በሬው ገመዱን አልጎትትም አለ፤ ገመዱ ክሬኑን አልስብም አለ፤ ክሬኑ ድንጋዩን አላነሳም አለ፤ ድንጋዩ አልወጣም አለ፤ ድንጋዩ ካልወጣ አንቺ ‹አንተም ትሠራዋለህ› አትይኝም!»

ከእሷ የደበቀው ምኞት አመለጠው። ትርንጎ ቀና ብላ አየችው።

«አልጠራም» አለች።

«ለምን?»

«ቀንቻለሁ።»

«አንቺ ደግሞ በማን?»

«በድንጋዩ ነዋ!» ሰፌዱን አስቀመጠችው። «ከተጋባን ጀምሮ ድንጋይ መታ አድርገህ ጆሮህን ትሰጣለህ። ለእኔ ሰጥተህ ታውቃለህ? አርባ ቀን ከርሜ ስመጣ ምን ብለህ ጠየቅከኝ? ‹ማዕዘኑን እንዴት አሰሩት?› አልከኝ። ስለዚያ ግንብ ያን ያህል ያወራሁት ግንቡ ደንቆኝ መሰለህ? ከግንብ ሌላ የምትሰማው ስለሌለ ነው እንጂ!» እንባዋ መጣ።

አይሸሽም አፈረ። መዶሻውን ከበሩ ውጭ አስቀምጦ ተመለሰና አጠገቧ ቁጭ አለ።

«አውሮፕላኑ ላይ ፈራሽ?» አላት።

«ፈራሁ እንጂ። ዓይኔን ጨፍኜ ‹አይሸሽም! አይሸሽም!› ስል አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ምን የማይሸሸው ነው ብላ ስቃብኛለች።»

«እግርሽስ?»

«አብጦ ጫማ እምቢ ብሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

ነገረችው። ሌላ ጠየቃት፤ ሌላ ነገረችው። ምሳ ሰዓት አለፈ፤ እሱ ግን ከአፏ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። ጎልጎታ ላይ ሻማ ስታበራ የማንን ስም ቀድማ እንደጠራች ስትነግረው እሱም አለቀሰ።

ትርንጎ ፊቷን ጠረገች፤ ወጥታ አጥሩ ላይ ቆመች፤ ድምፅዋን ለቀቀችው። ትርንጎ ደቦውን ጠራች፤ ደቦው በሬውን ነዳ፤ በሬው ገመዱን ጎተተ፤ ገመዱ ክሬኑን ሳበ፤ ክሬኑ ድንጋዩን አነሳ፤ ድንጋዩም ዶሮዋን አራግፎ ጫፉ ላይ ጉብ አለ!

መንደሩ ሁሉ ወደ ትርንጎ ዞረ። እሷም አንዴ ፒራሚዱን፣ አንዴ ባሏን ተመለከተች።

«አንተም ትሠራዋለህ» አለች። «ፈርዖን ራሱ ቢያየው በቅናት ይታመማል።»

እልልታው ቀለጠ። እውነቱን ከጠየቃችሁኝ ግንቡ ከአጥሩ በአንድ ክንድ ቢበልጥ ነው፤ ጫፉም ወደ አያ ድረስ ቤት ዘመም ብሏል። አይሸሽም ይህን ሳያይ አልቀረም። ግንብ መዝመሙን የሚለካበት ቱንቢ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ አላወጣውም።