በቀሰም ውስጥ የተሸሸገው ኪኒን

አንድ መንበሩ የሚባል ሸማኔ ነበር። እጁ ባለሙያ፣ አፉ ደግሞ ጉረኛ። አንድ ክረምት የጣቶቹ መገጣጠሚያ አብጦ መወርወሪያ መያዝ አቃተው። ሐኪሙ አየውና እንዲህ አለው፦

«የሰውነትህ ዘበኞች ሌባ መስሏቸው የገዛ ቤተሰባቸውን እየደበደቡ ነው። ይህ ኪኒን ያበርዳቸዋል እንጂ አያባርራቸውም። ተሻለኝ ብለህ እንዳታቋርጥ፤ ካቋረጥክ ዱላቸውን መልሰው ያነሳሉ።»

መንበሩ እንደታዘዘው ወሰደ። እብጠቱ ጎደለ፤ ወደ ሸማው ተመለሰ። ግን «ያለ ኪኒን የማይቆም» መባሉን አፈረ። ኪኒኑን ማግ በሚጠቀለልበት ባዶ ቀሰም ውስጥ ሸሸገው። ሰው «በምን ተሻለህ?» ሲለው፣ «ፌጦ በማር ነዋ! ሌላ ምን አለ!» እያለ ደረቱን ይነፋል።

ይህን ከሰሙት አንዷ ፈትል የሚያቀርቡለት እትዬ አስካለ ነበሩ። ሕመማቸው ከእሱው ጋር አንድ ነው፤ ኪኒናቸውም ያው።

በታኅሣሥ ባዶ እጃቸውን መጡ። ጣቶቻቸው ተቆልምመው እንዝርት ማሾር አቅቷቸዋል።

«ይቅር በለኝ ልጄ፣ ፈትሉ አልደረሰልህም» አሉት። «ኪኒኑን ትቼ አንተ ያልከውን ፌጦ ይዤ ነበር። አንድ ቀን አላጓደልኩም። ምናልባት ማሩ ስኳር የገባበት ይሆናል። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ወይ ጉድ! መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ቢሰድቡት በተሻለው ነበር፤ እሳቸው ግን የሚወቅሱት ማሩንና ራሳቸውን ነው። መንበሩ ቀሰሙን አንስቶ መዳፋቸው ላይ ገለበጠው። የተቆለመሙት ጣቶች ኪኒኖቹን መያዝ አልቻሉም፤ መሬት ላይ ተበተኑ።

«ማሩ ምንም አልሆነ፣ እትዬ። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ያሻለኝ ይሄ ኪኒን ነው። አፍሬ ነው።»

እትዬ አስካለ ከተበተኑት ኪኒኖች ላይ ዓይናቸውን አነሱ።

«ከእኔ ታፍራለህ? የአንተኑ በሽታ ከምታመመው?» አሉት።

በማግስቱ ራሱ ደግፎ ሐኪሙ ዘንድ ወሰዳቸው። ኪኒኑን እንደገና ሲጀምሩ እብጠቱ ቀስ በቀስ ጎደለ፤ ሁለት ጣቶቻቸው ግን እንደተጣመሙ ቀሩ። መንበሩ ዛሬ ኪኒኑን በሰው ፊት ይውጣል። እነዚያን ሁለት ጣቶች ባየ ቁጥር ግን አንገቱን ይደፋል።

ወዳጆቼ፣ የተሻገረበትን የወንዝ መልካ የሚደብቅ ሰው ከኋላው የሚመጣውን ለጎርፍ ይሰጣል። አበው «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። መድኃኒቱን የሸሸገውንስ ምን እንበለው?