ጥላው እዚህ፣ ጅቡ የት?

ጫካው ሳይመነጠር፣ ወንዙ ሳይሳሳ፣ ጭራቅ በጠራራ ፀሐይ በሚዞርበት ዘመን ድንቄ የምትባል ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ትንሹን ወንድሟን ሹሜን ጭራቅ ወሰደው። እናቷ «ልጄ ካልተመለሰ ምድጃዬ እሳት አያይም» ብላ ተቀመጠች። አባቷ እግሩ ተሰብሮ ተኝቷል። ድንቄ ታንኳዋን ይዛ ወንዙን ሽቅብ ቀዘፈች።

ጭራቁ ቤት ስትደርስ እሱ ሹሜን የሚቀቅልበት እንጨት ሊለቅም ወጥቷል። ወንድሟን ከታሰረበት ፈታችና ታንኳው ላይ አስቀምጣ ቁልቁል ወረደች።

ብዙም አልቆየ፣ ዳር ዳሩን ግም፣ ግም፣ ግም። ጭራቅ ዋና አያውቅም፤ እግር ግን አለው።

«ድንቄ፣ ድንቄ፣ ራቴን ወዴት?»

«ወደ ቤቱ።»

«ቁሚ፣ ልያዘው።»

«በዚህ በቆሸሸ እጅህ? በቅጠሉ ጥረገው።»

ጭራቁ ከዳር ያለውን ቅጠል እፍኝ ሙሉ ዘገነ። ሳማ ነበር። እጁን እያራገፈ ሲያለቅስ ታንኳዋ ኩርባውን አለፈች።

ግም፣ ግም፣ ግም።

«ድንቄ፣ ድንቄ፣ ራቴን ወዴት?»

«ወደ ቤቱ።»

«ቁሚ፣ ልያዘው።»

«መቆም አልችልም፤ በሐረጉ ተወዛውዘህ ና።»

ጭራቁ ሐረጉን ይዞ ተወረወረ። ሐረጉ ወዲያ ወሰደው፣ ወዲህ መለሰው፣ መጨረሻ ላይ ከዛፉ ጋር ጠቅልሎ አሰረው።

«እህቴ፣ ደግሞ ይወዛወዝ» አለ ሹሜ።

«አርፈህ ተቀመጥ።»

ከዚያ ወንዙ ጠበበ። ታንኳዋ ስትወጣ ያልነበረ፣ ውሃው አምጥቶ ያጋደመው ትልቅ ግንድ ገጥሟት ቆመች። ግም፣ ግም፣ ግም። ጭራቁ ሐረጉን በጥርሱ በጥሶ መጣ፤ ግንዱ ላይ ወጣ፤ እጁን ወደ ሹሜ ዘረጋ።

«ድንቄ፣ ድንቄ፣ ራቴን ወዴት?»

ድንቄ ዘዴ አለቀባት። ጭራቁ ግን እግሩ ሥር አየ። ግንዱ ከዳር እስከ ዳር ነጫጭ፣ ክብ ክብ ነገር አብቅሏል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የጅብ ጥላ» አለች፤ አገሯ እንጉዳይን የሚጠራው እንዲህ ነውና። ጭራቁ እንጉዳይ አያውቅም። በዓለም ላይ የሚፈራው ደግሞ ጅብን ብቻ ነው።

«ጥላው እዚህ ከሆነ ጅቡ የት አለ?»

ድንቄ ነገሩ ገባት። «ጥላውን ትቶ ሩቅ አይሄድም።»

«ያኛውስ?»

«የሚስቱ።»

«እነዚያ ሁሉስ?»

«የልጆቹ፣ የአማቾቹ፣ የጎረቤቶቹ። ሰርግ ሳይኖራቸው አይቀርም።»

ጭራቁ ዘለለ። ዋና አለማወቁን ረስቶ ነበር፤ ወንዙ ግን አልረሳም። ዋጠው። ግንዱም በዝላዩ ተገልብጦ ለታንኳዋ መንገድ ለቀቀ።

እናታቸው የሹሜን ድምፅ ከሩቅ ሰማች። እነሱ ደጅ ሳይደርሱ ከጣሪያው ጭስ ወጣ።

«አባዬ፣» አለ ሹሜ እሳቱ ዳር፣ «ጅቡ ጥላውን ትቶ ከሄደ በዝናብ ምን ይሆናል?»

ሲስቅ ታይቶ የማያውቀው አባት ጥቂት አሰበ። «ይረጥባል» አለና ሳቀ።

ተረቴ ወንዙን ወርዳ ቤቷ ገባች፤ እናንተም እግራችሁን ታጠቡና ተኙ።