የአያ ደነቀው ጆሮ

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት!»

ዛሬስ በረቱ ላም የለበትም፤ ያለችው አሮጌ ሞተር ናት። ጠጋ በሉ፤ ደክሞኛል፣ ድምፄን ከፍ አላደርግም።

በድሮ ዘመን፣ ድሮ ስላችሁ ሞተር ብስክሌት ከመጣ ወዲህ ባለው ድሮ፣ ከአንድ ትልቅ ዳገት ግርጌ አያ ደነቀው የሚባል ሰው ነበር። ሥራው ሞተር መጠገን ነው። የሚጠግነውም በጆሮው ነበር። ሞተሯን ያስነሳና ካቻቢቴውን ይዞ ነዳጅና አየር የምትመጥነውን ትንሽ ብሎን ያዞራል። ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ። ድምጿ ሲጠራለት ይተዋታል። ሌላ መለኪያ አያውቅም። ሚስቱ ትርንጎ ደግሞ ደጃፍ ላይ ምስር እየለቀመች ጩኸቱን ትራገማለች። አርባ ዓመት እንዲህ ኖሩ።

ከዚያም እርጅና መጣና ጆሮውን ወሰደው። መጀመሪያ የወፎች ድምፅ ሄደ። ከዚያም የትርንጎ ንዝንዝ ሄደና ለእሱስ ተመስገን አለ። በመጨረሻ የሞተሩ ድምፅ ሄደ፤ ጉርምርምታው ብቻ ቀረለት። ይሄኔ ፈራ። አያ ደነቀው ያለ ጆሮው ምኑ ቀረ? ለማንም አልተናገረም። የሰውን ወሬ ከከንፈሩ እያየ ይገምታል። ብሎኗንም በልማድ አንድ ዙር ተኩል ይፈታና «ጨርሻለሁ» ይላል። የሚጠግናት ሞተርም እንደ እሱ አርጅታ ልኳ እንደተለወጠ በምን ይወቅ?

በዚያ አገር የሻረግ የምትባል አዋላጅ ነበረች። አንዲት አሮጌ ቀይ ሞተር አለቻት። በእሷ እየወጣች ከዳገቱ በላይ ያሉትን እናቶች ታዋልዳለች። ሞተሯ ታመመችና ወደ አያ ደነቀው አመጣቻት። ጠገናት። ዳገቱ መሀል ላይ ሞተሯ ድርግም ብላ ጠፋች። መልሳ አመጣቻት፣ ጠገናት። እዚያው ቦታ ጠፋች። በሦስተኛው ምጥ ወደ ያዛት አንዲት እናት ስትሄድ ጠፋችባትና የሻረግ ሞተሯን እየገፋች ዳገቱን ወጣች። ስትደርስ ልጁ ተወልዷል፤ እናቲቱ ደም ፈሷት ለጥቂት ነው የተረፈችው።

በማግስቱ ሞተሯን እየገፋች መጣች። ዓይኗ ቀልቷል፣ መዳፏ ተልጧል።

፦ አያ ደነቀው፣ እኔስ ደከመኝ፤ አለች። የይርጋ ሚስት ምጥ ይዟታል ብለው ልከውብኛል። ቤቷ ከዳገቱ በላይ ነው። ሞተሯ የምትወጣ ከሆነ ይንገሩኝ። የማትወጣ ከሆነ አሁኑኑ በእግሬ ልነሳ፤ በእግር ግማሽ ቀን ነው።

አያ ደነቀው «ትወጣለች» ሊል አፉን ከፈተ። ቃሉ እምቢ አለው። ካቻቢቴውን አነሳ። ይሄኔ ትርንጎ ሰፌዷን አስቀምጣ መጣች።

፦ ልጄ፣ ጆሮው ከሄደ ዓመት አለፈው፤ አለች። ሲደብቀኝ እኔም እንዳላወቅሁ ዝም አልኩ። አምና «ቤቱ ተቃጠለ» ብለው «እሺ፣ ይቀመጥልኝ» ብሎኛል። ዝምታዬ ሰው ላይ ይደርሳል አላልኩም ነበር።

አያ ደነቀው ከንፈሯን አይቶ ገባው። እፍረት ፊቱን ለበለበው።

፦ አንቺ ደግሞ ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽ? አላት።

፦ አርባ ዓመት የረገምኩትን አላውቀውም እንዴ? በል ቁጭ በል!

የሻረግ ሞተሯን ረግጣ አስነሳች። ትርንጎ ባሏ አጠገብ ተቀምጣ የእጁን አንጓ ያዘች። እሱ ብሎኗን ያዞራል። ድምፁ ካስጠላት አንጓውን ትጨምቃለች። ግማሽ ዙር ፈታ፣ ጨመቀችው። መለሰ። ሩብ ዙር፣ አሁንም ጨመቀችው። ከዚያም የምስር ፍሬ የምታህል ብቻ አዞረ። ለቀቀችው።

የሻረግ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። ባልና ሚስቱ ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። እሱ የሚያየው አቧራውን ብቻ ነው።

፦ የምትጠፋበት ቦታ ደረሰች?

፦ ደረሰች። ዝም በል፣ ልስማበት።

እሱ ፊት ፊቷን ያያል። ከዚያም ወደ እሱ ዞረች።

፦ አለፈችው፤ አለች።

አያ ደነቀው ተነፈሰ።

፦ እንዴት እያለች ነው የምትሄደው? አላት።

ያን ጩኸት አንድ ቀን እንኳ በደግ ያላነሳችው ትርንጎ መዳፏን ደረቱ ላይ አኖረችና መታ መታ አደረገችው። ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ። ሳይፈጥን፣ ሳይዘገይ።

፦ አዎ፣ እሷ ናት፤ አለና አለቀሰ። ሞተሯ ከዳገቱ ማዶ ከተሰወረች በኋላም ትርንጎ እጇን አላነሳችም።

የይርጋ ሚስትም በዚያው ቀን በሰላም ተገላገለች።

ጆሯችሁን ተረት አጎረስኩ፤ እናንተም አፌን ዳቦ አጉርሱ።