የወረፋ ድንጋዮች

በአንድ ወቅት፣ ክረምት ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በአንዲት የመንገድ ዳር ከተማ እታፈራሁ የምትባል የማዘጋጃ ቤት የገበያ ኃላፊ ነበረች። ሥራዋን ትወዳለች፤ ቁጭ ማለት ግን አይሆንላትም። ወረቀት የምትፈርመው ቆማ ነው፤ ሻይ የምትጠጣው እየሄደች ነው።

ያን ሰሞን መናኸሪያው በር ላይ ከተሠሩት የመሸጫ ሼዶች ለሰው ሳትሰጥ የቀረችው አንዲት ብቻ ነበረች። የከተማው ሰው ዓይኑን ጥሎባታል። እታፈራሁ አማላጅ እንዳይበዛባት ፈርታ ቅዳሜ ጠዋት ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፈች፤ ሼዷን የሚወስዳት ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ የወረፋው አንደኛ የሆነ ነው። ወዲያው ጸሐፊዋ ሌላ ደብዳቤ አቀረበችላት፤ ሳታነብ ፈረመች። ምን እንዳጣደፋት እሷው ትወቅ!

በዚያች ከተማ ደግሞ ልማድ አለ። ወረፋ የሚይዝ ሰው ድንጋይ አስቀምጦ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ለውሃም ለወፍጮም ለመታወቂያም እንዲሁ ነው። የሰው ድንጋይ ማንሳት ባለቤቱን ገፍትሮ እንደማስወጣት ይቆጠራል። እታፈራሁም ያደገችው በዚሁ ነው።

ትርፌ ባሏ የሞተባት፣ ላስቲክ ወጥራ በሶና ቆሎ የምትሸጥ ሴት ናት። ዝናብ በጣለ ቁጥር በሶዋ ይርሳል፤ አምና ክረምቱን ሙሉ ልጆቿን ዘመድ ቤት በትና ከርማለች። የማስታወቂያው ሙጫ ሳይደርቅ የተሰበረ የወፍጮ መጅ አምጥታ በሩ ሥር አኖረች፤ አንደኛ ሆነች። እሁድ ማለዳ ጎረቤቷ አረፉ። ትርፌ በድንጋይዋ ተማምና ለቅሶ ቤት ገባች፤ ውሃ ቀዳች፣ ንፍሮ ቀቀለች፣ ቀብር ዋለች።

ደምለው ዳቦ ጋጋሪ ነው። የሚጋግርበት ቤቱ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ሲሆን፣ መንገድ ሊሰፋ ስለሆነ ግድግዳው ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቶበታል፤ በወሩ ይፈርሳል። የእሱ ድንጋይ ሰባተኛ ነበር። እሁድ ረፋድ ላይ የጽዳት ዘመቻ ሠራተኞች መጥተው ድንጋዮቹን በጋሪ እየጫኑ የመንገዱን ጉድጓድ ሞሉባቸው። ቢጮህባቸው ደብዳቤ አሳዩት፤ በር ላይ ያለ ድንጋይ ሁሉ ይነሳ ይላል፣ የእታፈራሁ ፊርማም አለበት። ለካ ሳታነብ የፈረመችው እሱን ኖሯል! ደምለው ሊጡን ትቶ ወረቀት አወጣና፣ ቅዳሜ ከደጁ ቁጭ ብሎ ያየውን ቅደም ተከተል ጻፈ። ትርፌ ለቅሶ ላይ ናት፤ ራሱን አንደኛ ቢያደርግ ማን ደርሶበት? ትርፌን አንደኛ፣ ራሱን ሰባተኛ አድርጎ ጻፈ።

ሙዘይን ራዲዮና ሞባይል ጠጋኝ ነው። ሰፈሩ ከተማዋ ስትሰፋ አምና የተቀላቀለች ናት፤ ግብሩን እንደ ማንኛውም ሰው ይከፍላል፣ ስለ ድንጋይ ወረፋ ግን የነገረው የለም። የሚሠራው ዛፍ ሥር ስለሆነ ክረምት በገባ ቁጥር እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ከቤቱ ተነስቶ በእግሩ መጣ። ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ሰውም ድንጋይም የለም። ቀጥ ብሎ ቆመ።

ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ትርፌ ጥቁሯን እንደለበሰች ደረሰች። ደምለውም ወረቀቱን ይዞ መጣ። ከሁለተኛ እስከ ስድስተኛ የነበሩት አምስት ሰዎች ወረቀቱን አንብበው ጥቂት ተንሾካሾኩና፣ እንዲህ ላለ እውነተኛ ሰው ተራችንን ሰጥተናል አሉ።

እታፈራሁ የሆነውን ስትሰማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ በሰው ፊት ተናገረች።

«ጥፋትዎ ጣሪያ አይሆነኝም» አለች ትርፌ። «የጎረቤቴን ሬሳ ትቼ እዚህ ልገተር ነበር?»

ሙዘይን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። «እኔ የማንንም ድንጋይ አላነሳሁም። ማስታወቂያው ወረፋ አለ፣ ተሰለፍኩ። ይቺ ከተማ የእኔም አይደለችም እንዴ?»

እታፈራሁ ደምለውን አንተስ ብላ ጠየቀችው፤ ወረቀቱ ባይኖር የትርፌ አንደኝነት ምስክር እንዳልነበረው ታውቃለች።

«የጻፍኩት እውነት ስለሆነ ነው» አላት። «አሁን ግን፣ ወይዘሮ እታፈራሁ፣ ለእኔ ይስጡኝ። ቤቴ ሊፈርስ ነው።»

እታፈራሁ ቢሮ ገባች፣ ወጣች፣ ደግሞ ገባች። ለትርፌ ልትሰጥ ትነሳና ሙዘይን ይታያታል። ለሙዘይን ልትሰጥ ስትል ከተማው የኖረበት የድንጋይ ወረፋ በእጇ የፈረሰ ይመስላታል። ለደምለው ልትሰጥ ስትል ደግሞ፣ አምስቱ ተራቸውን ቢለቁለትም የራሱ ጽሑፍ ትርፌን ያስቀድማል። ቆርቆሮው ላይ የመጀመሪያው ጠብታ ተሰማ፤ ሦስቱም ቀና ብለው ሰማዩን አዩ።

ይካፈሏት የምትሉ አትድከሙ፤ ሼዷ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ናት። ሌላ ይሠራላቸው የምትሉም የማዘጋጃ ቤትን ነገር ታውቁታላችሁ፤ ክረምቱ አይጠብቅም። እንግዲህ በእታፈራሁ ቦታ ቁሙና ፍረዱ፤ ለቅሶ በሄደችው፣ በቆመው እና እውነቱን በጻፈው መካከል ሼዷ የምትገባው ለማን ነው? ሁለቱንስ ዓይናቸውን እያያችሁ ምን ብላችሁ ትመልሷቸዋላችሁ?